አንድ ወንበር ለአንዲት ደሴት፤ መርከቡስ የማን ነው?

አራት ሺህ ስድስት መቶ ያህል ሕዝብ ያላት አንዲት ደሴት ለአውራጃው ምክር ቤት ስንት እንደራሴ ትላክ? ይህ ጥያቄ እዚህ ግባ የማይባል ሆኖ የሚታያቸው ወንድሞችና እኅቶች እንዳሉ እናውቃለን። «ዓለም በጦርነትና በረኀብ በሚታመስበት ጊዜ ስለ አራን ደሴት ምርጫ ወረቀት ማባከን ምን ይባላል?» የሚሉ አይጠፉም። እኛ የምንለው ሌላ ነው። ስለ ሕዝብ አስተዳደር የሚነገረው ትልቁ ቃል ሁሉ የሚፈተነው በትንሹ ቦታ ነው። በዋና ከተማ አደባባይ «ሥልጣን ለሕዝብ» ብሎ መጮህ ቀላል ነው፤ ቃሉ እውነት መሆኑና አለመሆኑ የሚታወቀው ግን ሕዝቡ በጣት በሚቈጠርበት፣ ባሕሩ መንገዱን በሚዘጋበት፣ ውሳኔውም ከማዶ በሚመጣበት ስፍራ ነው።

ደግሞም ጉዳዩ የሰው ጉዳይ ብቻ አይደለም። በስኮትላንድ ዩኒቨርሲቲዎች የምንማር ኢትዮጵያውያን ከ2020 ሕግ ወዲህ በዚህ አገር የአካባቢ ምርጫ ድምፅ ለመስጠት የተፈቀደልን ነን። ስለዚህ የምንጽፈው ከደጅ ቆሞ እንደሚመለከት እንግዳ ሳይሆን የምርጫው ወረቀት በእጁ እንደሚገባ ሰው ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለባቸው በቀር፣ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

አራን ከስኮትላንድ በስተ ምዕራብ፣ በክላይድ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ያለች ተራራማ ደሴት ናት። ብሮዲክ፣ ላምላሽ፣ ዋይቲንግ ቤይ፣ ሎክራንዛ የሚባሉ መንደሮች አሏት። በአቅራቢያዋ ካምብሬ የምትባል፣ አንድ ሺህ ከጥቂት መቶ ሰው በላይ የማይኖርባት፣ ከላርግስ ከተማ በመርከብ ዐሥር ደቂቃ ብቻ የምትርቅ ታናሽ ደሴት አለች። የእነዚህ የሁለቱ ታሪክ ምን ይመስላል?

በ1889 የወጣው ሕግ በስኮትላንድ ውስጥ የአውራጃ ምክር ቤቶችን ሲያቋቁም አራን፣ ካምብሬና ቢዩት አንድ ላይ ሆነው «ቢዩት» የሚባለውን አውራጃ መሠረቱ። ይህ አውራጃ ሙሉ በሙሉ የደሴቶች አውራጃ ነበረ፤ ከየብስ አንድም ቀበሌ አልነበረበትም። በካምብሬ ላይ ያለችው ሚልፖርትም የራሷ የከተማ ምክር ቤት ነበራት። ዛሬ ሲያስቡት የሚያስገርም ነው፤ ትልቅ መንደር የምታህል ከተማ የራሷን መንገድና የራሷን መብራት በራሷ ሸንጎ ታስተዳድር ነበር። በ1973 የወጣው የአስተዳደር ሕግ በ1975 ሥራ ላይ ሲውል ግን ይህ ሁሉ ፈረሰ። ኦርክኒ፣ ሼትላንድና የምዕራብ ደሴቶች እያንዳንዳቸው የራሳቸውን የደሴት ምክር ቤት አገኙ። አራንና ካምብሬ ግን ስትራዝክላይድ ለተባለው ክፍለ ሀገር ተሰጡ፤ ይህም የስኮትላንድን ሕዝብ ግማሽ ያህል የያዘ ግዙፍ አስተዳደር ነበረ። ቢዩት ወደ አርጋይል ሄደች፤ እኅትማማች ደሴቶችም ተለያዩ። በ1996 ስትራዝክላይድ ራሱ ሲፈርስ አራንና ካምብሬ በሰሜን ኤርሻየር ምክር ቤት ሥር ገቡ። የዚህ ምክር ቤት መቀመጫ ኧርቪን ከተማ ሲሆን፣ የአራን ሰው እዚያ ለመድረስ መርከብ ተሳፍሮ ባሕሩን ማቋረጥ አለበት።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ነገር አለ። ሁሉም ዓይነት ለውጥ የመጣው «አስተዳደሩ እንዲቀልና ወጪው እንዲቀነስ» በሚል ምክንያት ነው። ለማን እንደቀለለ ግን የተጠየቀ ደሴተኛ ነበረ ወይ?

ወደ ምርጫው እንምጣ። ከ2007 ጀምሮ በስኮትላንድ የአካባቢ ምርጫ የሚካሄደው መራጩ ተወዳዳሪዎችን አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያለ በቅደም ተከተል በሚያስቀምጥበት ዘዴ ነው። በ2004 የወጣው ሕግ ለእያንዳንዱ የምርጫ ቀበሌ ሦስት ወይም አራት እንደራሴ እንዲኖረው ስላዘዘ፣ ጥቂት ሕዝብ ያላት ደሴት ለብቻዋ ቀበሌ መሆን አልቻለችም። በዚህ የተነሣ አራን ከማዶ ካለችው የወደብ ከተማ ከአርድሮሳን ጋር ተጣምራ «አርድሮሳንና አራን» የሚባል ቀበሌ ሆነች። የአርድሮሳን ሕዝብ ከአራን ሕዝብ እጥፍ ይበልጣል። እንግዲህ ሁሉም ወንበሮች በየብስ ሰዎች ቢያዙ ሕጉ የሚለው ነገር አልነበረም። በአንድ ትልቅ ድስት ውስጥ የተጨመረች አንዲት ቅንጣት ጨው መኖሯ እንጂ ቦታዋ አይታወቅም።

የ2018ቱ የደሴቶች ሕግ ይህን አሻሻለ። ሰው የሚኖርባቸው ደሴቶች አንድ ወይም ሁለት እንደራሴ ብቻ ያለው ቀበሌ እንዲሆኑ ፈቀደ። ድንበር የሚያጠናው መሥሪያ ቤት ደሴቶች ያሏቸውን ስድስት ምክር ቤቶች አስቀድሞ መረመረ። በ2021 የስኮትላንድ ፓርላማ የሰሜን ኤርሻየርን፣ የኦርክኒን፣ የሼትላንድንና የምዕራብ ደሴቶችን ሐሳብ ሲቀበል፣ የሃይላንድንና የአርጋይል ቢዩትን ሳይቀበል ቀረ። በዚህም መሠረት በግንቦት 2022 ምርጫ አራን በራሷ ስም የተጠራ ቀበሌ ሆና አንድ እንደራሴ መረጠች። ሠላሳ ሦስት ወንበር ካለው ምክር ቤት አንዱ የአራን ሆነ።

ካምብሬ ግን ይህን ዕድል አላገኘችም። ቀድሞ ቢያንስ ስሟ በቀበሌው ስም ላይ ተጽፎ ነበር፤ «ሰሜን ዳርቻና ካምብሬዎች» ይባል ነበር። በ2022 ቀበሌው «ሰሜን ዳርቻ» ብቻ ተባለ። ደሴቲቱ ከካርታ አልጠፋችም፤ ከምርጫ ወረቀቱ ግን ስሟ ተፋቀ። ይህን እንደ ቀላል ነገር የሚቈጥር ካለ፣ የገዛ መንደሩ ስም ከመዝገብ ሲሰረዝ ምን እንደሚሰማው ራሱን ይጠይቅ።

እዚህ ላይ አንድ ሰው «ታዲያ አራን የፈለገችውን አገኘች፤ ምን ቀራት?» ሊለን ይችላል። የቀራት ብዙ ነው። በመጀመሪያ ስለ ቈጠራው እንናገር፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው ደሴቲቱ የራሷን ወንበር ስታገኝ ምን እንደከፈለች አላስተዋለም። በሦስት ወንበር ቀበሌ ውስጥ ተመራጭ ለመሆን የሚያስፈልገው ከጠቅላላው ድምፅ አንድ አራተኛው ሲደመር አንድ ነው። ሁለት ሺህ ሰው ድምፅ ሰጠ ብንል 501 ድምፅ ያገኘ ሰው ይገባል። በሁለት ወንበር 667 ይበቃል። በአንድ ወንበር ግን 1,001 ያስፈልጋል፤ ግማሹ ሲደመር አንድ። ስለዚህ ዘዴው ስሙ ያው ሲሆን ሥራው ተለወጠ። ከየብስ ጋር በነበረችበት ጊዜ በደሴቲቱ ውስጥ ያለ አናሳ ወገን ከማዶ ካለው መሰሉ ጋር ድምፁን አስተባብሮ አንድ ሰው ማስገባት ይችል ነበር። አሁን የሆቴል ባለቤትና የሆቴል ሠራተኛ፣ ከብት አርቢና ቤት ተከራይ፣ ጡረተኛና ወጣት ሁሉ በአንድ አፍ እንዲናገሩ ተፈርዶባቸዋል። ደሴት ከሩቅ ሲታይ አንድ ነው፤ ከቅርብ ሲታይ ግን በውስጡ ባለጸጋና ድኻ አለበት።

ሕጉ «አንድ ወይም ሁለት» ይላልና ለምን ሁለት አልሆነም? መልሱ የቍጥር እኩልነት ነው። እያንዳንዱ እንደራሴ በተቻለ መጠን ተመሳሳይ ቍጥር ላለው መራጭ ይቁም የሚል ደንብ አለ፤ ለአራን ሁለት ቢሰጣት የአንድ አራናዊ ድምፅ የሁለት ኧርቪናዊ ያህል ሊመዝን ነው። ይህ ክርክር ውሸት አይደለም። እኛም «አንድ ሰው፣ አንድ ድምፅ» የሚለውን የምናከብር ነን፤ በአገራችን የመሬት ባለቤትነት የድምፅ መመዘኛ በነበረበት ዘመን አባቶቻችን ምን እንደደረሰባቸው እናውቃለንና። ነገር ግን የቍጥር እኩልነት ርቀትን አይለካም። ኧርቪን ውስጥ የሚኖር መራጭ ሦስት አራት እንደራሴ አለው፤ አንዱ ቢታመም ወይም ችላ ቢል ወደ ሌላው በእግሩ ይሄዳል። የአራን ሰው ያለው አንድ ብቻ ነው። ያ አንድ ሰው ቢታመም፣ ማዕበሉ መርከቡን ቢያግድ፣ ወይም ሰውየው የማይሰማ ቢሆን ደሴቲቱ ድምፅ አልባ ናት። በወረቀት እኩል የሆነው ነገር በኑሮ እኩል አይደለም። ስለዚህ ለአራን ሁለት ወንበር፣ ለካምብሬም አንድ ወንበር ይገባል የምንለው ልዩ ቸርነት እንዲደረግላቸው አይደለም።

ነገር ግን የወንበሩ ቍጥር ዋናው አይደለም። ዋናው መርከቡ ነው።

በደሴት ላይ መርከብ ማለት መንገድ ነው፣ ገበያ ነው፣ ሆስፒታል ነው። የየብስ ሰው መንገዱ ሲበላሽ ዞሮ ይሄዳል፤ የደሴት ሰው መርከቡ ሲቀር ይቀራል። ለአራን እንዲያገለግል ስለታዘዘው «ግሌን ሳኖክስ» ስለሚባለው መርከብ ያልሰማ በስኮትላንድ ውስጥ ጥቂት ነው። በ2015 ከሌላ አንድ መርከብ ጋር በ97 ሚሊዮን ፓውንድ ታዘዘ፤ በ2018 ሥራ እንዲጀምር ቀጠሮ ተያዘለት። በኖቬምበር 2017 በታላቅ ሥነ ሥርዓት ውሃ ላይ ሲወርድ ግን አንዳንዶቹ መስኮቶች እውነተኛ መስኮቶች ሳይሆኑ በቀለም የተቀቡ ነበሩ። ይህን የፈጠርነው ቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ ጋዜጦች ሁሉ የዘገቡት ነው። የመርከብ መሥሪያው ኪሳራ ላይ ወደቀ፤ በ2019 መጨረሻ መንግሥት ወሰደው። ወጪው ከመጀመሪያው ዋጋ ብዙ እጥፍ ሆነ። መርከቡ ተሳፋሪ ማመላለስ የጀመረው በጃንዋሪ 2025 ነው። ያም ቢሆን ለአርድሮሳን ወደብ ትልቅ ስለሆነና ወደቡ ስላልተስተካከለለት፣ ሥራውን የጀመረው ራቅ ብላ ከምትገኘው ከትሩን ነበር። እስከዚያው ድረስ ደሴቲቱ የተንጠለጠለችው በ1993 በተሠራ መርከብ ላይ ሲሆን እርሱም በ2024 መጀመሪያ ለጥገና ወጥቶ ለረዥም ጊዜ ከሥራ ውጪ ሆነ።

ታዲያ በዚህ ሁሉ ጊዜ የአራን እንደራሴ ምን ማድረግ ይችል ነበር? መጮህ ይችል ነበር፤ ሌላ ምንም። መርከቡ የአንድ የመንግሥት ኩባንያ ንብረት ነው፤ የሚያንቀሳቅሰው ሌላ የመንግሥት ኩባንያ ነው፤ የሁለቱም ባለቤት የስኮትላንድ ሚኒስትሮች ናቸው። መርከቡ በሚሠራበት ዘመን የአርድሮሳን ወደብ የግል ኩባንያ ነበረ፤ የወደቡን ማስተካከያ ማን ይክፈል በሚለው ላይ ዓመታት አለፉ። የሰሜን ኤርሻየር ምክር ቤት ደብዳቤ ይጽፋል፣ ስብሰባ ላይ ይቀመጣል፣ አቤት ይላል። የመርከቡን ሰዓት፣ የመርከቡን ዋጋ፣ የመርከቡን ዕድሜ የሚወስነው ግን የአራን ሰው የመረጠው ምክር ቤት አይደለም። እንግዲህ ሕዝቡ ለእንደራሴ ወንበር ተሰጠው፤ እንደራሴው ግን ስለ ሕዝቡ ዋና ጉዳይ እጁን የሚያወጣበት ጠረጴዛ አልተሰጠውም።

ይህ የግድ እንዲህ መሆን ነበረበትን? አልነበረበትም። ወደ ሰሜን ብንመለከት የኦርክኒ ምክር ቤት በደሴቶቹ መካከል የሚመላለሱትን መርከቦች የሚያካሂደው ኩባንያ ባለቤት ነው። የሼትላንድ ምክር ቤትም የራሱን የማሻገሪያ መርከቦች ያንቀሳቅሳል። ሳንዴይ ወይም ዌስትሬይ ላይ ድምፁን የሰጠ ሰው የመረጠው እንደራሴ ስለ መርከቡ በጀት በሚወሰንበት ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ድምፅ ይሰጣል። በጀቱ አይጎድልም አንልም፤ ሁልጊዜ ከኤዲንብራ ጋር ይጨቃጨቃሉ፤ መርከቦቹም አርጅተዋል። ነገር ግን ሕዝቡ ማንን እንደሚወቅስና ማንን እንደሚያወርድ ያውቃል። ሼትላንድ ደግሞ በ1974 በወጣ ልዩ ሕግ በወደቦቿ ላይ ሥልጣን አግኝታ፣ የሰሜን ባሕር ነዳጅ ሲመጣ ከትላልቅ ኩባንያዎች ጋር ተከራክራ ለሕዝቧ ገንዘብ ለማስቀረት ችላለች። ይህን ያደረገው ጥቂት ሺህ ዓሣ አጥማጅና በግ አርቢ የመረጠው ምክር ቤት ነው። «ትንሽ ሕዝብ ትልቅ ጉዳይ አይችልም» ለሚሉ ሰዎች መልሱ ይኸው ነው።

ከእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ ያሉትን የሲሊ ደሴቶችንም እናንሣ። ሕዝባቸው ሁለት ሺህ ያህል፣ ማለትም የአራን ግማሽ እንኳ የማይሞላ ነው። እነርሱ ግን ከ1890 ገደማ ጀምሮ የራሳቸው ምክር ቤት አላቸው። ከ2017 ጀምሮ ከነበሩት ዐሥራ ስድስት ወንበሮች ዐሥራ ሁለቱ ለዋናይቱ ደሴት ለሴንት ሜሪስ ሲሆኑ፣ ለአራቱ ታናናሽ ደሴቶች አንዳንድ ተሰጥቷቸዋል። ከእነዚህ አንዷ ብራየር ናት፤ ሕዝቧ መቶ አይሞላም። መቶ የማይሞላ ሕዝብ አንድ ወንበር ሲኖረው፣ ሺህ የሚያልፈው የካምብሬ ሕዝብ አንድም የለውም! ምክንያቱ የሒሳብ አይደለም። በአንዱ ቦታ ደሴቲቱ እንደ ሕዝብ ታይታለች፤ በሌላው ቦታ እንደ ቍጥር ተደምራለች።

ትንሽ ቦታ ላይ የሚደረግ ምርጫ የራሱ ሕመም እንዳለው አንክድም። በደሴቶቹ ምክር ቤቶች አብዛኛዎቹ ተመራጮች ከፖለቲካ ማኅበር ውጪ የሆኑ የግል ተወዳዳሪዎች ናቸው፤ በ2022 ኦርክኒ ከመረጠቻቸው ሃያ አንድ ሰዎች ዐሥራ ዘጠኙ እንዲህ ነበሩ። ሰው በሰውነቱ መመረጡ መልካም ነው። ነገር ግን ሁሉም ሰው ዘመድ፣ ጎረቤት ወይም ደንበኛ በሆነበት መንደር ውስጥ ተወዳዳሪው ምን ዓላማ እንዳለው ሳይጠየቅ «የእገሌ ልጅ ነው» ተብሎ ያልፋል። ተወዳዳሪ ከመቀመጫው ቍጥር ሳይበልጥ ቀርቶ ያለ ምርጫ የሚገባም አለ። በ2017 የምዕራብ ደሴቶች ምክር ቤት ሠላሳ አንድ ሰዎች ሲመረጡ ሠላሳ አንዱም ወንዶች ነበሩ፤ አንዲት ሴት አልነበረችባቸውም። የደሴቱ ግማሽ ሕዝብ በገዛ ሸንጎው ውስጥ አልነበረም ማለት ነው። ስለዚህ ራስን ማስተዳደር ለደሴት ይሰጥ ስንል ለደሴት አዛውንቶች ይሰጥ ማለታችን አይደለም። አንድ ወንበር ብቻ ያለበት ቀበሌ ይህን ሕመም የሚያብስ መሆኑን ደግሞ ከላይ በቍጥር አሳይተናል፤ ሁለት ወንበር ቢኖር ቢያንስ ለሁለተኛው ሰው፣ ለሁለተኛው አሳብ፣ ለሴቲቱም በር ይከፈታል።

አሁን ያለው አንድ ወንበር ከንቱ ነው ብለን ግን አንደመድምም። ምክር ቤቱ የሚወስናቸው ነገሮች አሉ፤ ትምህርት ቤት፣ መንገድ፣ ቆሻሻ ማንሣት፣ ለአረጋውያን የሚደረግ እንክብካቤ፣ ቤት ለመሥራት የሚሰጥ ፈቃድ። ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበው የቤት ጉዳይ ነው። እንደ አራን ባሉ ውብ ደሴቶች ከከተማ የመጣ ባለ ገንዘብ ለበጋ ዕረፍት ቤት ይገዛል፤ ቤቱ ዓመቱን በሙሉ ተዘግቶ ይከርማል፤ በዚያው ደሴት ተወልዶ በዚያው የሚሠራ ወጣት ግን የሚከራየው ቤት ያጣል። ከኤፕሪል 2024 ጀምሮ የስኮትላንድ ምክር ቤቶች በእንዲህ ያለ ሁለተኛ ቤት ላይ የምክር ቤቱን ግብር እጥፍ ድረስ ለማስከፈል ሥልጣን ተሰጥቷቸዋል። ይህ እውነተኛ ሥልጣን ነው። ስለዚህ ተወዳዳሪ ሲመጣ «ለደሴታችን እታገላለሁ» የሚለውን ዘፈኑን ትተን፣ ከዚህ ግብር የሚገኘው ገንዘብ የት ይዋል? ለደሴቲቱ ቤት መሥሪያ ይሁን ወይስ በኧርቪን ካዝና ይቀላቀል? ብለን እንጠይቀው።

ሌላም ጥያቄ አለ። የ2018ቱ ሕግ ብዙ ሰው ያላነበበው አንድ ክፍል አለው። ደሴቶች ያሏቸው ስድስቱ ምክር ቤቶች ተጨማሪ ሥልጣን እንዲተላለፍላቸው ሚኒስትሮቹን መጠየቅ እንደሚችሉ ይናገራል። ልብ በሉ፤ የሚጠይቀው ምክር ቤቱ እንጂ ደሴቲቱ አይደለችም። በአራን ላይ የማኅበረሰብ ምክር ቤት የሚባል አለ፤ ሥራው ግን አሳብ ማቅረብ ብቻ ነው። ስለዚህ መርከቡን በሚመለከት የአራን ሕዝብ ድምፅ እንዲኖረው የሚፈልግ ተወዳዳሪ ሠላሳ ሁለቱን ባልደረቦቹን አሳምኖ ምክር ቤቱ ይህን ጥያቄ በጽሑፍ እንዲያቀርብ ማድረግ አለበት። ከ2022 ቀጥሎ ያለው ዙር ለግንቦት 2027 የተቀጠረ ነው። በየአዳራሹ ለሚቀርብ ለማንኛውም ተወዳዳሪ ጥያቄው አንድ ይሁን፤ ያን ጥያቄ ታቀርባለህ ወይስ አታቀርብም? «እናየዋለን» የሚል መልስ እንደ እምቢታ ይቈጠር።

አንባቢያችን ወደ አገራችን ሳንመለከት እንደማንቀር ሳይጠብቅ አይቀርም። በ1958 ዓ.ም. የአውራጃ ራስ ገዝ አስተዳደር ትእዛዝ ወጥቶ ነበር። የተመረጡ ሰዎች ያሉበት የአውራጃ ምክር ቤት እንዲቋቋም ይል ነበር፤ ገንዘብና ሥልጣን ግን አልተከተለውም፤ በወረቀት ላይ ቀረ። ከዚያ ብዙ ዘመን አልፎ በ2000 ዓ.ም. የአካባቢ ምርጫ የአንድ የቀበሌ ምክር ቤት ወንበር እስከ 300 እንዲደርስ ተደረገ፤ በመላው አገር የነበረው ወንበር 3.6 ሚሊዮን ያህል ሆነ። ከዚህ ውስጥ ገዢው ድርጅትና አጋሮቹ ከ99 በመቶ በላይ ወሰዱ። በ2005 ዓ.ም. የተደረገውም ከዚያ አልራቀም፤ በ2010 ዓ.ም. ሊደረግ የነበረው ደግሞ ተላለፈ። አራን አንድ ወንበር አላት፤ ለወንበሩ ግን ምርጫ አለ። የእኛ ቀበሌ ሦስት መቶ ወንበር ነበረው፤ ለወንበሩ ግን ምርጫ አልነበረም። ወንበር ማብዛት ብቻውን ሥልጣን ማካፈል እንዳልሆነ ከእኛ የተሻለ የሚያውቅ ማን አለ? በጣና ሐይቅ ላይ በደቅ ደሴት የሚኖረው ገበሬም የጀልባው ነገር ሲነሣበት የአራንን ሰው ሳያየው ያውቀዋል።

ይህን ጽሑፍ ያለ ተግባር እንዳንተወው ስለ ምዝገባ ጥቂት እንናገር። በስኮትላንድ የአካባቢ ምርጫ ከ2015ቱ ሕግ ወዲህ ዐሥራ ስድስት ዓመት የሞላው ሁሉ ድምፅ ይሰጣል። የውጭ አገር ሰው በሕግ የመኖር ፈቃድ ካለው፣ በተማሪ ቪዛም ይሁን በስደተኛነት ተቀባይነት አግኝቶ፣ መመዝገብ ይችላል። ጉዳያቸው ገና ያልተወሰነላቸው ጥገኝነት ጠያቂ ወገኖቻችን ግን አይችሉም፤ ይህም ራሱን የቻለ ሌላ ጽሑፍ የሚፈልግ በደል ነው።

ከላምላሽ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ወጥተው ከእኛ ጋር በግላስጎ አዳራሾች ለሚቀመጡ የአራን ልጆች ደግሞ አንድ የምንነግራቸው ነገር አለ። ለትምህርት ሲወጡ ብዙዎቹ የደሴቲቱን መዝገብ ይተዋሉ፤ «እኔ አሁን የግላስጎ ነኝ» ይላሉ። ሕጉ ግን ተማሪ በወላጆቹ ቤት አድራሻም በዩኒቨርሲቲው አድራሻም እንዲመዘገብ ይፈቅድለታል። ሁለቱ አድራሻዎች በተለያዩ ምክር ቤቶች ሥር ከሆኑ በአካባቢ ምርጫ በሁለቱም ቦታ ድምፅ መስጠት ይችላል። ስለዚህ በአንድ ቀን ለግላስጎም ለአራንም መምረጥ ወንጀል አይደለም፤ መብት ነው። አሸናፊውና ተሸናፊው በጥቂት ድምፅ ሊለያዩ በሚችሉበት ባለ አንድ ወንበር ቀበሌ፣ ከደሴቲቱ የወጡ ተማሪዎች በፖስታ የሚልኩት ድምፅ ቀላል ነገር አይደለም። በአካል ለመሄድ መርከቡን ማመን አይቻልምና በፖስታ እንዲደርሳቸው አስቀድመው ይጠይቁ። ምዝገባው ከድምፅ መስጫው ቀን በፊት ዐሥራ ሁለት የሥራ ቀን ሲቀረው ይዘጋል፤ የፖስታ ድምፅ መጠየቂያውም በዚያው ሰሞን ያበቃል። ቅጹን በወረቀት የሚፈልግ ከየአካባቢው የመራጮች መዝጋቢ መሥሪያ ቤት ያገኘዋል፤ የመኖሪያ አዳራሹ አድራሻ ላይ የክፍሉን ቍጥር መጻፍ አይርሳ።